በጎረቤት ስልክ ያደረ ቁጥር

ባውሊየን የባሏን ሲም ካርድ ያቃጠለችው በገዛ እጇ ነው። ማንም አላዘዛትም፤ ስታደርገውም ያያት ሰው አልነበረም።

ጂንሹይ በሞተ በሰባተኛው ሳምንት፣ እንደ ወጉ፣ ተቃጥሎ ለሟች ይደርሳል የሚባለው የወረቀት ቤት በቤተ መቅደሱ ጓሮ ተቃጠለለት። ቤቱን የሠራው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ዌንታይ ነው። ዌንታይ ለሙታን የሚላከውን ሁሉ ከቀርከሃና ከወረቀት ያበጃል፤ ልብሱን፣ ጫማውን፣ የእጅ ሰዓቱን ሳይቀር። ለጂንሹይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከነሰገነቱ፣ መንዳት ለማያውቀው ሰውዬ መኪና፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የወረቀት ስልክ ሠራለት። በስልኩ በጣም ይኮራ ነበር። መልኩ እንዳይሳሳትበት ብሎ እውነተኛውን፣ አዲስ የወጣውን ስልክ ገዝቶ፣ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ እያየ ነው የቀዳው።

«ካሜራውን እይልኝ እስቲ» አላት። «ሦስት ዓይን ነው ያለው። ሦስቱም በየቦታቸው።»

«ካርዱስ በየት ነው የሚገባው?»

«የምን ካርድ?»

«ሲም ካርዱ ነዋ። ስልክ ያለ ካርድ ይደውላል እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀት እኮ ነው! ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጻፊለት። እዚያ ያሉት አንብበው ያገናኙታል።»

ጻፈችለት። እሳቱ ሲያያዝ ግን ሆዷ አልቻለም። ጂንሹይ ዕድሜውን ሙሉ በኪሉንግ ወደብ ክሬን ላይ ተቀምጦ የኖረ፣ የማይሠራ ዕቃ የማይወድ ሰው ነበር። ካርዱ የወጣ ስልክ ሲያይ «ይኼማ የሳሙና ማስቀመጫ ነው» ይል ነበር። ባውሊየን የሱን ስልክ ከኪሷ አወጣች፣ ካርዱን በፀጉር መርፌዋ ፈልቅቃ በወረቀቱ ስልክ እጥፋት ውስጥ ሸጎጠችውና ወደ እሳቱ ወረወረችው። ትንሽ አረንጓዴ ነበልባል ብልጭ ብላ ጠፋች። ያን ቀን፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሞኝ ናት ትሉ ይሆናል። አትበሉ። ሰው ከጎኑ የተኛበት አልጋ ሲሰፋበት፣ እንኳን ካርድ ራሱንም ጨምሮ ቢልክ አይፈረድበትም።

በዚያ ቤት የነበረው ስልክ ያ ብቻ ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ስልክ፤ ወደ ውጭ የወጣው ይይዘዋል። ቁጥሩ በሷ ስም ነበር፤ የተገዛ ዕለት ጂንሹይ ክሬኑ ላይ ስለነበረ እሷ ናት የፈረመችው። ካርዱን ያቃጠለችው ባሏ ከሞተ በኋላ ማን ይደውልልኛል ብላ ነው። የምታውቃቸው ሁሉ በመስኮት ተጣርታ የምታገኛቸው ናቸው። ዓሣ ሻጯ ከታች ናት፣ ዌንታይ ከማዶ ነው።

ያን ዕለት የዘነጋችው ልጇን ነው።

ዢሆንግ አንድዬ ልጃቸው ነው። ሩቅ ባሕር ላይ ቱና በሚያጠምዱ መርከቦች የሞተር ሠራተኛ ነው። አባቱ ግን ክሬን ላይ እንዲወጣለት ነበር የሚፈልገው፤ አለቃውን ለምኖ፣ ሻይ ጋብዞ፣ ቦታ አስይዞለት ነበር። ሥራ ሊጀምር በነበረበት ጠዋት ልጁ ሻንጣውን ይዞ መርከብ ላይ ወጣ። ጂንሹይ በጓደኞቹ ፊት ውርደት ተከናነበ። ወደ ቤት ገብቶ እንዲህ አለ፦ «ከእንግዲህ ቢደውል፣ እዚህ ቤት ስልክ የሚያነሣለት ሰው የለም።»

ቃሉን ጠበቀ። የዚያን ዓመት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ራት ቀርበው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም፣ የውጭ አገር ነበር። ባውሊየን ብድግ አለች። ጂንሹይ የሚበላበትን እንጨት ሳህኑ ላይ አጋድሞ ዝም ብሎ አያት። ተቀመጠች። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ቆመ። ጂንሹይ እንጨቱን አነሣ፣ ከዓሣው ጉንጭ ቆርሶ እሷ ሳህን ላይ አስቀመጠላት፤ ራቱም ቀጠለ።

በዓመቱም እንደዚያው ሆነ። ከሌላ ወደብ፣ በሌላ ረጅም ቁጥር፣ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየዋዜማው እንዲሁ ነው፤ ከሦስት በልጦ አያውቅም። ባውሊየን ነገሩ ቆይቶ ነው የገባት። ልጇ የሚነሣለትን ስልክ እየደወለ አልነበረም። «አለሁ» እያለ ነበር። የነሱም ስልክ መጥራቱ «አለን» ነው። ይህችን ይዛ ነው ዓመቱን የምትሻገረው።

ጂንሹይ ሲሞት ልትነግረው ወደብ ላይ ወዳለው ወኪል ቢሮ ሄዳ ነበር። መርከቡ ተሽጧል፣ ስሙም ተቀይሯል፣ ልጁ ወደ የትኛው እንደተዛወረ አናውቅም አሏት።

ክረምቱ ገባ። ኪሉንግ ላይ ዝናብ ሲጀምር የሚያቆም አይመስልም፤ ልብስ ሳይደርቅ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ይከርማል። ሌሊቱ ከሁሉ በሚረዝምበት ቀን ባውሊየን በዕለቱ ለሚበላው ሾርባ የሩዝ ዱቄት እያድበለበለች፣ ዓመት ሊለወጥ ነው፣ ዢሆንግ ሊደውል ነው ብላ አሰበች። እጇ ዱቄቱ ላይ ደረቀ።

ሾርባው ምድጃ ላይ እንዳለ ተሻግራ የዌንታይን ስልክ ተዋሰችና የራሷን ቁጥር ደወለች። «የደወሉለት ስልክ ለጊዜው አይመልስም» አለቻት የተቀዳችው ሴትዮ። በማግሥቱ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ስልክ ድርጅቱ ሱቅ ወረደች።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ሹሃን ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተለጥፏል።

«ካርዱ ጠፍቶብዎት ነው፣ አክስቴ?»

«ተቃጠለ።»

«ውይ! ከነስልኩ?»

«ስልኩ ይኸውና። ካርዱ ብቻ ነው።»

ልጅቱ ስልኩን አገላብጣ አየችው። አንድም የተለበለበ ቦታ የለውም። ዓይኗን ቀና አድርጋ ባውሊየንን አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች፣ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ አለፈችው። ጥሩ ልጅ ነበረች።

«ቁጥሩ በስምዎ ስለሆነ ችግር የለም። ችግሩ ካርድ ነው፤ የለንም።»

«ይኼን የሚያህል ሱቅ ካርድ የለውም?»

«ቺፕ ጠፍቶ ነው እኮ። ካርዷ ላይ ያለችው ወርቅ የምትመስለው ነገር አለች አይደል? እሷ ናት። በዓለም ላይ ሁሉ እጥረት ነው። የመኪና ፋብሪካ እንኳ ሥራ ፈቷል።»

ባውሊየን ከጭንቀቷ ጋር ሳቋ መጣ። «ልጄ፣ ቺፕ የሚጠፋው የዓለምን ቺፕ በምትሠራው በኛ ደሴት ላይ ነው? ያክስቴ ልጅ ሲንቹ ቺፕ ፋብሪካ ሲሠራ አይደል እንዴ ፀጉሩ ያለቀው? ሌት ተቀን ታዲያ ምን ሲሠሩ ነው?»

«ሁሉም ሰው ይቺኑ ነው የሚለኝ!» ልጅቱም ሳቀች። «እነሱ ውድ ውዱን ነዋ የሚሠሩት። የኛዋ ርካሽ ናት። ሰልፍ ሲበዛ ርካሹን ማን ያስቀድማል? ከሰልፉ ጭራ ላይ ነው ያስቀመጡን።»

«መቼ ትመጣለች ታዲያ?»

«ከበዓል በኋላ ይሉናል። ባለፈው ወርም ከበዓል በኋላ ነበር ያሉት። የትኛው በዓል እንደሆነ ግን አልነገሩንም።»

ከዚያ ልጅቱ ኮምፒውተሯን ተመልክታ ሳቋን ሰበሰበች። ቁጥሩ ከኔትወርክ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። እንዲህ ሆኖ ግማሽ ዓመት ከሞላው፣ ሒሳብ ቢሞላበት እንኳ ይዘጋል። ግማሽ ዓመቱ የሚሞላው ደግሞ ከዘመን መለወጫው ዋዜማ በፊት ነው።

«ሲዘጋ ምን ይሆናል?»

«ባዶ ቁጥር ይሆናላ።»

ባውሊየን ያን ቃል ታውቀዋለች። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። «የደወሉት ቁጥር ባዶ ቁጥር ነው፤ እባክዎ አረጋግጠው ይደውሉ።» ይህችው ድምፅ በሩቅ ወደብ፣ ዘይት በነካው የልጇ ጆሮ ላይ ስትናገር ታያት። ያረጋግጣል። እንደገና ይደውላል። አሁንም ባዶ ነው። ካርድ ተቃጠለ ብሎ የሚያስብ የለም። አባቴ ቁጥሩን ቀየረ፣ የምደውላትን ጥሪ እንኳ ከቤት አስወጣት ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ለምን ይደውላል? እሷስ ልጇ ይኑር ይሙት በምን ታውቃለች?

«ኢሲም ላድርግልዎት ይሆን?» አለች ሹሃን። «እሱ ካርድ አያስፈልገውም። ቁጥሩ በአየር መጥቶ ስልኩ ውስጥ ይገባል።»

«ምኑ ነው የሚገባው?»

«ቁጥሩ ራሱ።»

«ምንም ሳይዝ?»

«ምንም ሳይዝ።» ግን የጂንሹይን ስልክ እንደገና ስታየው ፊቷ ቀዘቀዘ። «ይኼኛው አርጅቷል፣ አክስቴ። አይቀበልም። አዲስ መግዛት ይኖርብዎታል።»

ባውሊየን ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስልኮች ዋጋ አየችና ጃንጥላዋን አነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«ልጄ፣ አዲሱ ሥራ ሲጀምር አሮጌው ምን ይሆናል?»

«አሮጌው ይሞታል። አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ አይኖርም።»

«ያለበት ቦታ እየሠራ ከሆነስ?»

ሹሃን ጥያቄው ግራ ገባት። «ቢሠራም ይቆረጣል፣ አክስቴ። ወይ እዚያ ነው፣ ወይ እዚህ።»

ያን ቀን በዝናቡ ውስጥ ሽቅብ ስትወጣ ይህቺ አነጋገር ነበረች አብራት የምትሄደው። ወይ እዚያ፣ ወይ እዚህ።

ዌንታይ ለበዓሉ ቀይ ወረቀት እየቆረጠ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ሲላት ነገረችው፤ ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። መቀሱን አስቀመጠ።

«እውነተኛውን ካርድ? እኔ በሠራሁት ስልክ ውስጥ?»

«አዎ።»

«እግዜር ያሳይሽ! ስንት ዓመት የወረቀት ስልክ ስሠራ፣ የሚሠራ ስልክ ልኬ አላውቅም። ይኼን ሰፈሩ ከሰማ አለቀልኝ፤ ደንበኛ ሁሉ ካርድ ጨምርልኝ ሊለኝ ነው። አሁንስ ቢሆን ያቺ የሩዝ ነጋዴዋ 'አባቴ አሮጌ ሰው ነው፣ ካርድ ማስገቢያ የሌለው ስልክ አይገባውም' ብላ አስመልሳኝ የለ?» ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ቆረጠ። «ለዢሆንግ ነው አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? መንገዷ ጠባብ ናት። በየዓመቱ ስልካችሁ ሦስት ጊዜ ስትጮህ እሰማታለሁ። እኔም ኑድሌን አቁሜ ነው የምሰማት።»

ባውሊየን ቀና ብላ አየችው። ለሙታን ቤት የሚሠራን ወንድ ደፍራ የምታገባ ሴት አልተገኘችም፤ ዌንታይ ብቻውን ነው ያረጀው። በየዋዜማው ከማዶ መብራት እንደሚበራ ታውቃለች። እዚያ መብራት ሥር የተቀመጠው ሰው ስልካቸውን ይጠብቅ እንደነበር ግን አልጠረጠረችም።

ያን ለመቅጃ የገዛውን ስልክ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «ይኼ ኢሲም ይቀበላል ብሎኛል የሸጠልኝ ሰው። ሁለት ቁጥር ይይዛል። የኔዋ በካርዷ ትቀመጥ፣ ያንቺዋ ያለ ካርድ ትደርበት።»

«በሰው ስልክ ውስጥ?»

«ካርድ እስኪመጣ ነው እንጂ ልትወርሺኝ ነው?»

«ሰውስ ምን ይላል? የባሏ ሐዘን ሳይወጣ ቁጥሯ ወንድ ስልክ ውስጥ ገባ አይልም?»

«ይበል! እኔ ከዚህ የባሰም ተብዬ አውቃለሁ።»

«ላስብበት» አለች። ዌንታይ ስለ ሐሜቱ መሰለው። እሷን ያስጨነቃት ግን ጂንሹይ ነው። ባለ ሁለት ፎቁ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሰው አያውቅም፣ መኪናውን መንዳት አይችልም። ያለችው ያቺ ስልክ ናት። እሷንም በገዛ እጇ ልትቆርጥበት ነው።

ማታ የጂንሹይ ስም የተጻፈበት የሟች ሰሌዳ ካለበት መደርደሪያ ፊት ቆመች። ሙታን የሚጠየቁባቸውን እንጨቶች፣ የጨረቃ ቁራጭ የሚመስሉትን ሁለቱን፣ በመዳፏ ያዘች። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ እሺ ነው። ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ እምቢ ነው። ሁለቱም ከተንጋለሉ፣ የተጠየቀው እየሳቀ ነው።

«ጂንሹይ፣ ቁጥርህን ልወስድብህ ነው። ለዢሆንግ ነው። ትፈቅዳለህ?»

ጣለች። ሁለቱም ተንጋለሉ።

ምናልባት በደንብ አልጠየቅሁትም ብላ ቀስ አድርጋ፣ አድራሻዋን ሳይቀር ጠቅሳ ጠየቀችው። ሁለቱም ተንጋለሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጥል አንዱ እንጨት ተንከባሎ ወንበር ሥር ገባ፤ ጎንበስ ብላ አየችው፣ እሱም ተንጋሎ ይስቅባታል።

ተናደደች። «ምኑ ነው የሚያስቅህ? እኔ ለአንተ አዝኜ እንቅልፍ አጣሁ፣ አንተ ትስቃለህ! በሕይወትህ አንሥተኸው የማታውቀውን ስልክ እዚያ ሄደህ ልታነሣው ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በልጃቸው ነገር ድሮም መልስ ሰጥቷት አያውቅም። እንጨቶቹን ጠራርጋ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። በዚህ ዓለም ላይ ልትጠይቀው የምትችለው ሌላ ሰው እንደሌላት ያን ጊዜ ገባት፤ የሚወስነውም ሌላ የለም።

በሳምንቱ ከዌንታይ ጋር ሱቁ ሄዱ። ሹሃን ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላባትን ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል በዌንታይ ስልክ ካሜራ አስነሣችው። ስልኩ ትንሽ አሰበ።

«ገባ!» አለች ልጅቱ።

«የታለ?» አለች ባውሊየን።

«ይኸውልዎት፣ እዚህ ጥጉ ላይ። ሁለተኛው መስመር የርስዎ ነው።»

የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ የኔትወርክ ዘንጎች ናቸው። ባውሊየን መነጽሯን አድርጋ አየቻቸው። የሆነ ቦታ፣ በወረቀት ቤት ሰገነት ላይ፣ የሆነ ስልክ ጥጉ ላይ ያሉት ዘንጎች አሁን ጠፉ ማለት ነው። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ደስ አላለዎትም፣ አክስቴ?»

«ብሎኛል፣ ልጄ። ኧረ ብሎኛል።»

የዋዜማው ዕለት አመሻሹ ላይ ዌንታይ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በዝናቡ ተሻግሮ አመጣላት። ሲደወል አረንጓዴዋን በጣትሽ ወደ ቀኝ ሳቢያት ብሎ አሳያት። ሁለቴ አስደገማት።

«ግባና ራት ብላ።»

«በዛሬ ማታ የሰው ቤተሰብ ማዕድ ላይ አይቀመጡም» አለ። «ደግሞ ኑድሌን ጥጄ ነው የመጣሁት። ለኔ ከተደወለ የለም በይልኝ። ማን እንደሚደውልልኝ እንጃ እንጂ።» ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

ዓሣውን በእንፋሎት አብስላለች። ለዕድሜ የሚበላው ረጅሙ ጎመን ሳይቆረጥ ተቀቅሏል፤ የነጭ ራዲሽ ቂጣውም ተጠብሷል። ሳህኑን ለሦስት ሰው ዘረጋች። ከታች ከዓሣ ሻጯ ቤት የልጅ ልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲሳሳቅ። ስልኩን አጠገቧ አስቀምጣ መብላት ጀመረች። ጎመኑ አልወርድ አላት።

ስልኩ ጮኸ። በድንጋጤ አረንጓዴዋን ሳበቻት።

«የወረቀት ቤቱ ነው?» አለች አንዲት ሴት። «ከበዓል በኋላ መቼ ነው የምትከፍቱት?»

«አይ፣ እዚህ የሰው ቤት ነው» አለች ባውሊየን፤ ከዚያ አፍራ «ዌንታይ ለጊዜው የለም» አለችና ስልኩ ተዘጋ። ዞር ብላ ሁለቱን ባዶ ሳህኖች አየች። የሰው ቤት ነው ማለቷ ለራሷም ገረማት።

ዓሣው ቀዘቀዘ። ከወደብ በኩል ርችት ጀመረ። እሱ ጋብ ሲል ነው ስልኩ ሁለተኛ የጮኸው። ቁጥሩ ረጅም ነበር፤ የውጭ አገር ነበር።

አንድ።

እጇ ተነሣ። አየር ላይም ቆመ። አንሥቼ ምን ልለው ነው? ደግሞስ ምን ማለት ያስፈልጋል? እዚህ ቤት ስልክ ከተነሣለት ምንም ሳትናገር ያውቀዋል። ጂንሹይ እስትንፋሱ እያለ ይህ ስልክ አይነሣማ። «ሃሎ» ማለቷ ራሱ አባትህ ሞተ ማለት ነው።

ሁለት።

በዋዜማ ክፉ ቃል አይነገርም። ልጇ ወደቡ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ራት ቀርቦ ይሆናል። አባቱ እዚህ ቁጭ ብሎ፣ እንጨቱን አጋድሞ፣ እንደ ልማዱ እንደተቆጣ ይምሰለው። ለሱ ሲባል ጂንሹይ ዛሬን ይደር። ነገን ነገ ያውቃል። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሦስት።

ዓይኗን ጨፈነች። ይቆማል አሁን። መጣህልኝ፣ አለህልኝ፣ ይበቃኛል አለች በልቧ።

ስልኩ አራተኛ ጮኸ።

ዓይኗን ገለጠች። አምስተኛ ጮኸ። ቤቱ ሁሉ በዚያ ድምፅ ተሞላ። ልጇ አልዘጋም። ዘንድሮ «አለሁ» ብሎ መሄድ አልበቃውም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያንኳኳ ነው። ባውሊየን አረንጓዴዋን በጣቷ ሳበቻት፤ አልተንሸራተተችላትም፤ ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ሳበቻት።

ንፋስ ተሰማት። ሩቅ ሞተር፣ ደግሞ በማታውቀው ቋንቋ የሚዘፍን ሬዲዮ። የሚናገር ሰው ግን የለም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«አባዬ?» አለ ልጇ።

ሁሉን አስባ ነበር፤ ይህን ግን አላሰበችም። ድምፁ ወፍሯል፤ ቃሉ ግን የልጅነቱ ናት። አባዬ በመጨረሻ አነሣልኝ ብሏል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እማዬ?» ትንፋሹ ተሰማት። «እንዴት... አባዬ አንሺ አለሽ እንዴ?»

ክፉውን ቃል ከአፏ አላወጣችም። ዙሪያውን ፈለገች፤ ያገኘችውን ተናገረች። «ቁጥሩን ለኔ ትቶልኛል፣ ልጄ።»

ንፋሱ ብቻ ቀረ። ሬዲዮውን አንድ ሰው ዘጋው፣ ወይም ልጇ ከዚያ ራቀ። እሷም አልቸኮለችም።

«መቼ?» አለ ኋላ።

«በሙቀቱ ወራት። ላስነግርህ ፈልጌ መርከብህን አጣሁት።»

«እኔኮ... ዘንድሮ ያነሣልኛል ብዬ... እስኪያነሣ አልዘጋም ብዬ ነበር የደወልኩት።»

«ዢሆንግ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። በየዋዜማው ራት ከመቅረባችን በፊት የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ የሚያደርገው እሱ ነበር። እኔ አይደለሁም። እኔማ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ያየሁት እንዳይመስለው ወደ ማድቤት እገባ ነበር።»

ልጇ ሲያለቅስ ሰማችው። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲያለቅስ ግን እንደ ድሮው አፍንጫውን በእጅጌው እንደሚጠርግ ታወቃት። «በርታ፣ አይዞህ» ብቻ አለችው፤ ደጋግማ።

«አሁን ማን አለ አጠገብሽ?» አለ።

ሳህኖቹን አየች። ልትዋሸው አሰበች፣ ደከማት። «ማንም የለም።»

«ታዲያ ዋዜማ እስኪመጣ አልጠብቅም። ወደብ ስንገባ ሁሉ እደውላለሁ። በዚህ ቁጥር ነው የምትገኚው?»

«በዚህ ነው። ግን ስማኝ፣ ቁጥሩ እኔ ጋ አይደለም ያለው። ቺፕ ጠፍቶ ካርድ የለም አሉኝ፤ ዌንታይ ስልክ ውስጥ ነው ያደረው።»

«ዌንታይ? የወረቀት ቤት ሠሪው?»

«እሱ። የወንድ ድምፅ ስትሰማ ደንግጠህ እንዳትዘጋ። ስሜን ጥራለት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያመጣልኛል። ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃውንም ዝናብ ያሟልጨዋል፤ ትንሽ ይቆይብሃል።»

«ግድ የለም፣ እማዬ» አለ። «እጠብቃለሁ።»